ከኋላ በግራ በኩል

ጥርስ ሐኪሙ መኪናዋን ከገዛ ገና ሳምንቱ ነበር። አንዱን ታካሚ አፉን አስከፍቶ ወንበሩ ላይ አጋድሞት እያለ ስልኩ ጮኸ። አንድ እጁን ከጓንቱ አወጣና አነሳው።

«ጤና ይስጥልኝ፤ መኪናዎን ከገዙበት ድርጅት ነው የምደውለው። ከአዲሷ መኪናዎ ጋር ኑሮ እንዴት ነው?»

የሴት ድምፅ ነው። ረጋ ያለ።

«ኑሮማ ጥሩ ነው፤ ገና ጫጉላ ላይ ነን» አላት።

ልጅቷ ሳቀች። ለሥራ የሚሳቀውን ሳቅ አይደለም፣ አምልጧት ነው የሳቀችው። ወዲያው ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። እሱ ግን አልተመለሰም። እዚያችው ሳቋ ላይ ቀረ በቃ።

መቼም እንዲህ ያለች መኪና ስታዩ ባለቤቷ ደልቶታል ትላላችሁ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ አራት በር፣ ወገቧ ከመሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ወንበሯ ከቆዳ የተሰፋ። ነዳጁን ረገጥ ሲያደርግ ጀርባውን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሲመኛት የኖረ ነው። ግን የት ይሩጥባት? ከቤቱ እስከ ክሊኒኩ ያለው መንገድ ጥዋት ማታ እንደ ሰርዲን ጣሳ የተጠቀጠቀ ነው። የመንገድ ጉብታ ሲያይ ሆዷ እንዳይፋቅ እንደ ሸርጣን በጎን ነው የሚወጣው። ከኋላው ያሉት ሾፌሮች ደግሞ ክላክሳቸውንም ስድባቸውንም ይለቁበታል።

እናቱ የመጀመሪያ ቀን ገብተው ለመውጣት ሁለት ሰው አስፈለጋቸው። «አንተ ልጅ፣ መኪና ነው ወይስ ጉድጓድ የገዛኸው?» ብለው ዳግመኛ አልገባም አሉ። ታካሚዎቹም አልማሩትም። «የፊት ጎማዋን የኔ መንጋጋ ነው የገዛት!» እያሉ በመስኮት ያዩለታል።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልነገረም። በሯ ሲዘጋ ውጭ ያለው ጫጫታ በሙሉ ድርግም ይላል። ከዚያ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ለካ አጠገቡ ማንም የለም። ይህን ያወቀው እዚያች መኪና ውስጥ ነው።

ይህንን ሁሉ ለስልኳ ልጅ ነገራት። አምስት ጥያቄ ነበር የያዘችው፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ታካሚው አፉን እንደከፈተ ጠበቀ።

በወሩ ደግሞ ደወለች። አሁንም ተሳሳቁ፤ ስለ ሸርጣኑ አነሳችበት። ልትሰናበተው ስትል አቋረጣት።

«ቀጥሎ መቼ ነው የሚደውሉልኝ?»

«ከስድስት ወር በኋላ።»

«ስድስት ወር!»

«ቅሬታ ያለው ደንበኛ ከሆነ ግን ቅሬታው እስኪዘጋ ድረስ በየሐሙሱ እንደውላለን። ቅሬታ አለዎት እንዴ?»

መኪናዋ እንከን የላትም። ግን ምላስ አጥንት የለውም አይደል የሚባለው?

«አለኝ» አላት።

«ምንድነው?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። ወንበሩ ላይ ያለችው ታካሚ የሚያማትን ጥርስ በጣቷ እያሳየችው ነበር።

«ከኋላ… በግራ በኩል። ድምፅ አለ። ቅጭ፣ ቅጭ የሚል።»

«ሁልጊዜ ነው የሚሰማው?»

«አይ፣ አንዳንዴ።»

ስትጽፍ ይሰማዋል። ልቡ እንደ ሌባ ልብ እየመታ፣ ደግሞ እንደ ሙሽራ ልብ ደስ ብሎት ስልኩን ዘጋ።

ከዚያማ ሐሙስ የሱ በዓል ሆነች። በመጀመሪያው ሐሙስ ስለ ድምፁ ጠየቀችው። በሁለተኛው ስለ ድምፁ ጠይቃው ስለ እናቱ ጉልበት አወሩ። በሦስተኛው «እርስዎ» ማለቱን ረስታ «አንተ» አለችው፤ ሁለቱም ሰሙት፣ ማንም አላረመውም። ቃሏ ከወሬው ሁሉ በላይ ጣፈጠው።

«መኪናዋን ማምጣት አለብህ» አለችው በመጨረሻ። «አባ ጆሮ ይዩልህ።»

«አባ ጆሮ ደግሞ ማናቸው?»

«መጥተህ ታያቸዋለህ። እሳቸው የማይሰሙት ድምፅ የለም።»

ሄደ። ከላይኛው ፎቅ ደረጃውን ወርዳ መጣች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ እስክሪብቶ ጸጉሯ ውስጥ የሰካች። ድምፅዋን ከፊቷ ጋር ማገናኘት አቅቶት እስክሪብቶዋን ያይ ጀመር። እሷም አየችው። ከዚያ ሁለቱም ሊያዩት የመጡት ነገር እዚያ እንዳለ ሁሉ ወደ መኪናዋ ጎማ አቀረቀሩ።

«ቁመትህ እንዲህ ነው ብዬ አላሰብኩም» አለች ለጎማው።

«ረዘምኩ ወይስ አጠርኩ?»

«ዝም ብለህ ቁም፤ እየመጡ ነው።»

አባ ጆሮ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸብቷል፣ አንገታቸው ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ወጣቶቹ መካኒኮች ኮምፒዩተራቸውን ሲሰኩ ሲነቅሉ ይውላሉ። መጨረሻ ላይ ግን ሽማግሌው የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ አድርገው ካልሰሙና ካልፈረሙ አንድም መኪና ከግቢ አይወጣም። ጥርስ ሐኪሙ ሲረከብም ወረቀቱ ላይ የነበረው የሳቸው ፊርማ ነው።

«ከኋላ በግራ ነው ያልከው ዶክተር?»

«አዎ አባባ። ግን ትንሽ ነገር ነች፣ ብንተዋትም…»

«ትንሽ ድምፅ የለም፣ ልጄ። ያልተሰማ ድምፅ ነው ያለው።»

ከኋላ ወንበር ግራውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ አስዞሩት። ጉብታ ላይ አስወጡት፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት፣ ፍሬን አስያዙት። ሲመለሱ ወርደው አሞርዛተሩን በእጃቸው ዳበሱ፣ ጎማ አስፈቱ፣ የኋላ ወንበሩን አስነሡ።

«አልሰማሁትም» አሉ። መኪናዋን አልነበረም የሚያዩት፤ መዳፋቸውን ነው።

ያኔ ቢናገር ኖሮ! ስቀው በቱቦው አንድ ጊዜ ይገርፉት ነበር፣ አለቀ። ግን ልጅቷ አጠገቡ ቆማለች። ደንበኛ ዋሽቶ እንደሚያስደውላት ብታውቅ ምን ትለዋለች? እውነቷን ዋጥ አደረጋት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከሥራ ስትወጣ ይጠብቃት ጀመር። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቆዳው ወንበር ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች። እሱ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ መጨናነቁን ይወደው ጀምሯል። መብራት ቀይ ሲሆን ደስ የሚለው ሾፌር በዚያ ከተማ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ስለ አንቺ ንገሪኝ እንጂ፤ ሁሌ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ» አላት አንድ ቀን።

«ምን አለኝ? አባቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው። አስም ነበረብኝ። አባዬ በሌላ ክፍል ተኝቶ ትንፋሼ ሲቀየር ሰምቶ መድኃኒቴን ይዞ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጠርቼው አላውቅም። ሳልጠራው ነው የሚመጣው።»

እጇን ያዘው። አልነጠቀችውም።

በአራተኛው ሐሙስ ሐኪሙ ቆርጦ ተነሣ። «ድምፁ ጠፍቷል። ቅሬታውን ዝጊው» አላት።

«አባ ጆሮ አልፈርምም ብለዋል።»

«ለምን? ባለቤቱ ጠፋ እያልኩ!»

«ድምፅ ራሱን በራሱ አያክምም አሉ። ካላገኘሁት አለ ማለት ነው አሉ። መልሰህ አምጣት ብለውሃል።»

መልሶ ወሰዳት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሽማግሌው በየጊዜው እያጠሩ የመጡ መሰለው። መጀመሪያ ቱቦውን ቀየሩ። ከዚያ ወጣቶቹን «ዝም በሉ!» ብለው ተቆጡ፤ ተቆጥተው አያውቁም ነበር። በመጨረሻው ቀን ከመኪናዋ ሥር ሲወጡ «እናንተ ትሰሙታላችሁ?» ብለው ልጆቹን በየተራ ጠየቁ። አንዱ ቀልደኛ «አዎ አባባ፣ ይጮኻል እኮ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ቀጣዩ ሐሙስ ስልኩ አልጮኸም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀና እሱ ደወለ።

«ቤት ነኝ» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «አባዬ ሥራ ለቀቀ።»

«ምን ሆኑ?»

«ጆሮዬ ከድቶኛል አለ። ያንተን መኪና ድምፅ ካልሰማሁ የሌሎቹንስ ሰምቼ ነው ወይ የፈረምኩት አለ። ‹ያሳለፍኩት ፍሬን ሰው ቢገድልስ?› እያለ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ። ዛሬ ጥዋት ቱታውን አጣጥፎ አስረከበ።»

«የኔን መኪና? አባትሽ…»

«አባ ጆሮ እኮ ነው አባቴ። ልጁን አስቀጠረ እንዳይባል ሥራ ቦታ አባዬ ብዬው አላውቅም። ቤታችን ስትመጣ ልነግርህ ነበር፤ ላስገርምህ ብዬ።»

ሐኪሙ የታካሚዎቹን ቀጠሮ ቀይሮ ሸኛቸው። እንዴት እንደነዳ አያውቅም። ከቤታቸው በር ላይ አስጠርቶ ነገራት፤ ሁሉንም፣ ታካሚዋንም፣ ጥርሷንም።

አልጮኸችም። ብትመታው ይሻለው ነበር።

«የሰው ጥርስ አይተህ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ድምፅሽን ለመስማት ነው። ሌላ መንገድ…»

«ቁጥሬን መጠየቅ ነበራ! ቁጥሬን! እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን እሰጥህ ነበር።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ግባ። ለኔ አይደለም፣ ለሱ ንገረው።»

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቱቦዋ ጭናቸው ላይ ተጠቅልላለች። ሐኪሙ ፊታቸው ተንበርክኮ ተናገረ። ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጆሮዎ ደኅና ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጅዎን ወድጄ ነው።

እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አንቺ ነሽ የላክሽው?» አሏት ልጃቸውን።

«አባዬ፣ እውነቱን ነው!»

«ዶክተር፣ እግዜር ይስጥህ። ለሽማግሌ አዝነህ ራስህን ውሸታም አደረግህ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?»

«አባባ፣ በእናቴ እምላለሁ…»

«እናትህን አታስገባ፣ ኃጢአት ነው። የጆሮ ሐኪም ጋርም ወስዳኝ ነበር። ደኅና ነህ አለኝ። እሱ የለካው ወሬ የሚሰማውን ጆሮ ነው፤ ብረት የሚሰማውን ማን ይለካዋል?» ተነሡ። «በል፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ዙር ውሰደኝ። እንደ ሠራተኛ አይደለም። እንደ እንግዳ።»

ሽማግሌው ከኋላ በግራ፣ ልጅቷ ከፊት ተቀመጡ። በሮቹ ተዘጉ፣ ዓለም ድርግም አለች። የሦስት ሰው ትንፋሽ ብቻ። ሐኪሙ እግዜር አንድ ሺህ ጉድጓድ ቢሰጠው በሁሉም ላይ ይነዳ ነበር፤ ዝም እንደምትል እንዲያዩለት። የጠጠሩ መንገድ ላይ ወጡ። መኪናዋ እንደ ሐር ሄደች።

«ቁም!» አሉ ሽማግሌው።

ቆመ።

«ቀስ ብለህ ሂድ… አዎ… አሁን። ሰማችሁ?» በስፖኪዮ አያቸው። ዓይናቸው ተጨፍኖ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቷል። «ቅጭ አለ! እዚህ ጋ፣ በግራ! ሰማሁት! ትሰማላችሁ ወይስ አትሰሙም?»

ሐኪሙ ልጅቷን አያት። እሷም አየችው። አይሰማም ቢሉ፣ አባትየው የሌለ ነገር የሚሰማ ጆሮ ይዘው ወደ ቤት ሊገቡ ነው። ይሰማል ቢሉ ደግሞ… ወደ አባቷ ዞረች።

«ይሰማል አባዬ» አለች።

«ዶክተር?»

«ይሰማል አባባ።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ።

«አየህ፣ ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ አምጥተህልኝ አልሰማሁትም፤ እዚሁ ጆሮዬ ሥር እየነበረ። ደግ አደረግሁ የለቀቅሁት። ብቆይ ሰው አስገድል ነበር።»

ሐኪሙ መኪናዋን አዞረ። እሳቸው ቀለል ብሏቸው እስከ ቤት ድረስ ስለ ድሮ መኪኖች አወሩ።

በር ላይ ሲወርዱ ጣራውን መታ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይሄን ልጅ እንዳትለቂው። ድምፅ አለ አለ፣ ድምፅ ነበረ። እውነተኛ ሰው ነው።» ብለው እግራቸውን እየጎተቱ ገቡ።

ልጅቷ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች። ጫማዋን አጥልቃለች።

«እኔንም አስዋሸኸኝ» አለች። «አብረን ብንሆን በየምሳው ፊቱ ቁጭ ብለን ውሸቱን ልንውጠው ነው። እሱ ‹እውነተኛው ልጅ› ይልሃል፣ አንተ እንጀራህን ትጎርሳለህ። እኔ አልችልም።»

«እንደገና ልንገራቸው። በየቀኑ እየመጣሁ እነግራቸዋለሁ።»

«እንደገና ምን ልትለው? አሁን እኮ በገዛ ጆሮው ሰምቷል።»

እጁን ወደ እጇ ላከ፤ አየችው፣ ወደደችው፣ አልያዘችውም።

«የት ሄደ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለች በመጨረሻ።

«ውሸታም ነው በዪው። ዋሸኝ በዪው።»

ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየች። አባቷ ወንበራቸውን አስተካክለው እየተቀመጡ ነበር።

«አያምነኝም» አለች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ገባች።