የካሶንዴ ፊት

ችሉፍያ የማታስቀው ወንድ በንዶላ ከተማ ገና አልተወለደም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ገበያው ሁሉ እየሰማ።

አንድ ቀን ካሶንዴ የሚባል በያጅ ከእሷ ደረቅ አሳ ሊገዛ መጣ። ቀለደችበት፤ ዝም። በጫማው ትልቅነት አላገጠች፤ አሁንም ዝም።

«አንተ፣ ጥርስ የለህም እንዴ?»

«አለኝ» አለና አሳውን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ግን ተመለሰ። ባዶ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና እቃዋን እስክታነሳ ጠበቃት። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ ሁሌም እዚያው ነው።

«ከሰው ጋር መሆን ደስ አይልህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ሌላው ሰው የሚሰማው ደስታ እኔ ጋ አይመጣም። ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ። አኩርፌ አይደለም።»

«ከእኔ ጋርስ?»

«ካንቺ ጋር... ልሂድ ልሂድ አይለኝም።»

እሷ እቴ፣ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የት ገብቷት! «አስተካክለዋለሁ» አለች በልቧ።

ካሶንዴ የላከው ሽማግሌ እንደ አገሩ ወግ የማጫውን ዶቃ በሳህን አመጣና ታጩ። ከዚያ ለሙሽራው በወጉ ምግብ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። የሙሽራዋ ወገን ሴቶች ድስት ተሸክመው እየዘፈኑ ሙሽራው ቤት ሄዱ፤ ሙሽራዋ እንደ ወጉ ቤት ቀረች። ወሬውን ያመጣችላት አክስቷ ባና ምዋፔ ናት።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ እንጨት ነው። ቀመሰ፣ አመሰገነ፣ ዋናው የዶሮው ድስት ሳይከፈት ተነስቶ ጓሮ ገባ። እኛ እየጨፈርንለት! የሚወድ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ችሉፍያ በንዴት ጦፈች። እሱን ሳትጠይቅ ዶቃውን በሽማግሌው እጅ መለሰች። ዶቃ ከተመለሰ ደግሞ አለቀ ማለት ነው።

ካሶንዴ ገበያ መጣ።

«ምግቡን ንቄ አይደለም። ሰው ሲበዛ ትንፋሽ አጠረኝ። ስመለስ ሴቶቹ ሄደዋል።»

«ለእኔ ስትል አንዴ መሳቅ አቃተህ?»

«መሳቁንስ እችል ነበር። ላስመስል አልፈለግኩም።»

ፊቷን አዙራ ለደንበኛ አሳ መስፈር ጀመረች። እሱም ሄደ።

ዓመት አለፈ። ብዙ ወንድ መጣ፤ በቀልዷ እየተንከተከተ ሳቀ፣ አሳውን ገዛ፣ ሄደ። እቃዋን እስክታነሳ የጠበቃት ግን የለም። ያን ጊዜ ነው የገባት... ከሰው ደስታ የማያገኘው ያ ሰው፣ በየቀኑ እሷን ብሎ ይመጣ ነበር።

አሳዋን ለጎረቤቷ ጥላ ወደ ካሶንዴ ቤት ሮጠች። እህቱ ሙሶንዳ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ካሶንዴ አለ?»

«ሶልዌዚ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። እዚያው አገባ።»

ችሉፍያ ወደ ልብስ ማስጫው ጠጋ አለች።

«ሲሄድ... ፊቱ እንዴት ነበር? ያዘነ ይመስል ነበር?»

ሙሶንዳ እርጥቡን አንሶላ አራገፈች።

«አሁንም ፊቱን ነው የምትጠይቂኝ?»