የዘጠኝ ደቂቃ እውነት

ኡርጌሳ ዳጪ ከሰሚት ወደ ቦሌ አራብሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው «አረንጓዴ ክር» የልብስ ፋብሪካ የፍሳሽ ገንዳ ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በደረቱ ተንሳፍፎ ተገኘ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሥራውም ያንኑ ገንዳ መጠበቅ ነበር፤ ከጨርቅ ማቅለሚያው የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ወደ ወንዝ እስኪለቀቅ የሚከታተለው እሱ ነው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ግማሽ የጎደለ የአረቄ ጠርሙስ ቆሟል። ጠርሙሱን ያየ ሁሉ ምርመራውን እዚያው ጨረሰው፦ «ሰክሮ ወደቀ፣ በቃ!»

ኢንስፔክተር ሐሚዳ አብዱልገኒ ግን ከጠርሙሱ በፊት ሌላ ነገር አይታለች። ዓመቱ 2010 ነው፤ ከተማው በምሥራቅ በኩል ያበደበት ጊዜ። አምና ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ ዘንድሮ ክሬን ይቆማል፤ ፋብሪካው ሁሉ ደግሞ «ለአካባቢ ተስማሚ ነኝ» ባይ ነው። ይኸኛው በሩ ላይ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ሰቅሏል። «ዛሬ ወደ ወንዝ የለቀቅነው ውሃ፦ ንጹሕ። ሙቀት፦ 18 ዲግሪ» ይላል። ገንዳው ውስጥ የተነከረ መለኪያ ውጤቱን በየደቂቃው ለስክሪኑም፣ ባሕር ማዶ ላለው ልብስ ገዢም ይልካል። እንግዲህ ሬሳ ተንሳፍፎበትም ንጹሕ ነው! ሐሚዳ ገና ከበሩ ነገሩ አናደዳት።

ስክሪኑ ሥር አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሟቹ አባት ኦቦ ዳጪ ናቸው። ፋብሪካው የቆመው ድሮ እሳቸው ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ነው።

«ልጄ፣ መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር» አሏት። «ሰካራም ተብሎ እንዳይቀበርብኝ። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም።»

«የተጣላው ሰው ነበር ኦቦ?»

«እኔ ነኝ የተጣላሁት። ሦስት ላሞቼ ከወንዙ ጠጥተው ሞቱ። ‹አንተ የምትጠብቀው ውሃ ነው የፈጃቸው› አልኩት። እሱ መለኪያው ንጹሕ ነው ይላል ብሎ ተከራከረኝ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት።»

ሐሚዳ ወደ ገንዳው ሄደች፤ ጎንበስ ብላም እጇን ነከረች። ልጅ ሳለች ደሴ ከተማ ውስጥ እናቷ ክር ያቀልሙ ነበርና የማቅለሚያ ውሃ እንዴት እንደሚፋጅ እጇ ያውቀዋል። ይህም ሞቅ ያለ ነው። ቀና ብላ ስክሪኑን አሰበች፤ አሥራ ስምንት ዲግሪ? ኧረ ተዉኝ! የመለኪያውን ገመድ በእጇ ይዛ ተከተለችው። ገመዱ ወደ ገንዳው አይገባም፤ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ዞሮ የብረት ክዳን ሥር ይገባል። ክዳኑን አነሳችው። አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ሞልቶት ተቀምጧል፤ መለኪያውም በውስጡ ተነክሯል።

«ይሄ ነው እንግዲህ ዲጂታሉ!» አለች።

የገንዳው ግቢ በአጥር የተከለለ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ያለው አራት ሰው ብቻ ነው። አንደኛው ሟቹ ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ አቶ ገብረትንሣኤ ናቸው፤ ትናንት ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቦሌ ኤርፖርት የልብስ ገዢውን እንግዳ ሲጠብቁ አምሽተዋል፤ ሾፌሩም እንግዳውም ይመሰክራሉ። ሦስተኛው የኮምፒዩተር ክፍሉ ሙስአብ፣ አራተኛው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊው ምልኬሳ ናቸው።

ሙስአብ ገና ሳትጠይቀው ላቡ ፈሰሰ።

«ኢንስፔክተር፣ አይ ስዌር፣ ጀሪካኑን ዛሬ ነው ያየሁት። ግን ዳታው ቱ ክሊን ነበር። ክረምት ከበጋ አንድ ዓይነት! ለአቶ ገብረትንሣኤ ነግሬያቸዋለሁ፤ ‹ካልተሰበረ አትጠግን› አሉኝ።»

«ትናንት ማታውን አሳየኝ።»

ወረቀቱን አተመላት። በኮምፒዩተሩ 17፡10፣ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ሙቀቱ ድንገት ወደ አርባ አንድ ዘለለ፤ የቆሻሻው ልክም ከጣሪያ በላይ ሆነ። ዘጠኝ ደቂቃ እንዲያ ቆየና አሥራ አንድ ከአሥራ ዘጠኝ ላይ እንደገና ንጹሕ ሆነ።

«ያን ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ቢሮዬ። ብቻዬን» አለና አንገቱን ደፋ። «የመውጫ ካርዴም በሩ ላይ አልተነበበም። እኔ ነኝ የምመስለው፣ አይደል?»

ምልኬሳ ግን የተረጋጋ ሰው ነው። አርባዎቹን የጀመረ፣ በኦቦ ዳጪ ቤት ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። መሬቱ ሲወሰድ ከሰፈሩ ተምሮ የተረፈ እሱ ብቻ ነው፤ ኡርጌሳንም የኡርጌሳን እህት ቢሊሴንም ያስቀጠራቸው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ለፋብሪካው ንጹሕ ውሃ የተሸለመው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

«ወንድሜ ማለት ነው» አለ። «መጠጥ እንደጀመረ ሰምቼ ነበር፤ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ትናንት ግን አሥራ አንድ ከአራት ላይ ወጥቻለሁ፤ ካርዴን ማየት ይችላሉ። በመኪናዬ ነው የሄድኩት።»

ሐሚዳ የካርዱን ዝርዝር ወሰደች። አሥራ አንድ ከአራት ላይ የሰርቪስ ተሳፋሪዎች ካርድ በየሦስት ሴኮንዱ ተነብቧል። ሦስት ሴኮንድ! እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲወጣ ቦርሳው ይበረበራል፤ ኪሱ ይዳሰሳል። እንዴት አድርጎ ነው ሰው በሦስት ሴኮንድ የሚወጣው? የበሩን ጥበቃ ለብቻው ጠራችው።

«እንጀራዬን እንዳያሳጡኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሁሉ በየተራ ካርድ ያስነብብ ከተባለ ሰርቪሱ ይዘገያል፤ ከዘገየ ጎሮ ላይ መንገዱ ይዘጋበታል። ስለዚህ ሰዉ ሲፈተሽ ቢሊሴ የሁሉንም ካርድ በሻሿ ሰብስባ ታስነብባለች። ከተነቃብን ግን የምንባረረው ሁላችንም ነን።»

ከቀትር በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ኡርጌሳ ማጅራቱን በብረት ተመትቷል፤ ሳንባው የቀለም ውሃ ሞልቶታል፤ በሆዱም በደሙም የአልኮል ጠብታ አልተገኘም። ሐሚዳ ስልኩን ዘግታ ሁሉንም ወደ ስብሰባ አዳራሹ አስጠራች።

አቶ ገብረትንሣኤ ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ፤ ሙስአብ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ ምልኬሳ ወንበር ስቦ ለቢሊሴ ሰጣት። ልጅቷ ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሐሚዳ ጀሪካኑን አምጥታ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው።

«ከዚህ ነው የምንጀምረው» አለች። «ከክረምት ጀምሮ ማጣሪያው ቆሟል፤ ቀለሙ እንዳለ ወንዝ ይገባል። መለኪያው ግን ሲለካ የኖረው ይህን ጀሪካን ነው። ኡርጌሳም መለኪያው ንጹሕ ነው ስላለው አምኖ ከአባቱ ጋር ተከራክሯል። ላሞቹ ሲያልቁ ግን ገመዱን ተከትሎ ይህን አገኘ። ትናንት እንግዳው ወደ አገር ሲገባ፣ አሥራ አንድ ከአሥር ላይ መለኪያውን ከጀሪካኑ አውጥቶ እውነተኛው ውሃ ውስጥ ነከረው። ማጣሪያው ከቆመ ወዲህ ፋብሪካው እውነት የተናገረው ያቺን ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው።»

«ከዚያ ሰክሮ ወደቀ» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ።

«አልሰከረም፤ ሐኪሙ አረጋግጧል። ደግሞስ ወደቀ እንበል፤ አሥራ አንድ ከአሥራ ዘጠኝ ላይ መለኪያውን ወደ ጀሪካኑ የመለሰው ማነው? የሞተ ሰው ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሙስአብ ዞረ።

«አውቃለሁ» አለች ሐሚዳ። «ቁልፍ ካላቸው ከሟቹ ሌላ ካርዱ ግቢ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ግን መለኪያውን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር በእጁ ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ ያቺን ዘጠኝ ደቂቃ አጥፍቶ ያድር ነበር እንጂ አትሞ አይሰጠኝም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቢሊሴ፣ አትፍሪ። ሰርቪሱ ስንት ሰው ይይዛል?»

«አርባ ስድስት።»

«ትናንት ስንት ካርድ አስነበብሽ?»

ቢሊሴ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘችው። ምልኬሳ ሊናገር ሲል ሐሚዳ እጇን አነሳችበት።

«አርባ ሰባት» አለች ልጅቷ።

«አቶ ምልኬሳ፣ በመኪናዬ ነው የወጣሁት ብለውኛል። የመኪናው በር የራሱ ማንበቢያ አለው። የእርስዎ ካርድ ግን የተነበበው በእግረኛው በር ነው፤ ከቢሊሴ ካርድ ሦስት ሴኮንድ በኋላ፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ካርድ ሦስት ሴኮንድ በፊት። ካርድዎ ወጣ፤ እርስዎ ቀሩ።»

«ልጁን ላነጋግረው ነው የቀረሁት!» አለ ምልኬሳ፤ ያ እርጋታው አሁን የለም። «ስድስት መቶ ሰው እንጀራ የሚበላበትን ሊዘጋ ነበር! ለመንኩት። አልሰማም አለኝ። እጄ አመለጠኝ…»

«ሊያነጋግር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ‹ወጥቻለሁ› ብሎ አያስመዘግብም። አረቄም በኪሱ ይዞ አይሄድም።»

ድሮ ከሰፈሩ ወደ ወንዙ ይወረድበት የነበረው የእግር መንገድ የተቆረጠው በፋብሪካው አጥር ነበር፤ ምልኬሳ ያን ማታ እዚያ ላይ ባለው የአጥር ቀዳዳ ሾልኮ ውጭ ወዳቆማት መኪናው እንደሄደ የተናዘዘው ግን ካቴናው ከገባለት በኋላ ነው።

«ምልኬሳ ኡርጌሳ ያሰበውን በምን አወቀ?» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ፤ ከሁሉ ይህ የገረማቸው ይመስላል።

ሐሚዳ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። መልሱን ገምታለች። ቢሊሴ ራሷ ተነሳች።

«እኔ ነኝ የነገርኩት። ምሳ ላይ ወንድሜ ሊያደርግ ያሰበውን አጫወተኝ። ፋብሪካው ቢዘጋ የት ልንገባ ነው ብዬ ፈራሁ። ‹ጋሽ ምልኬሳ፣ አንተን ይሰማሃል፣ ምከርልኝ› አልኩት። ‹አታስቢ፣ አነጋግረዋለሁ፤ ስለምቆይ ካርዴን አስነብቢልኝ› አለኝ።» ወንበሩን ገፋችው። «ዛሬ ጠዋት ሬሳውን ሳይ ገባኝ። ገብቶኝም ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። ወንበር ሲስብልኝም ተቀመጥኩለት!»

አንድም ሰው ሊያጽናናት አልሞከረም።

በሳምንቱ ፋብሪካው ታሸገ። ሠራተኛው በሩ ላይ ተሰብስቦ ሲራገም ምልኬሳን አልነበረም የሚራገመው፤ ሟቹንና ሐሚዳን ነበር። አይ ሰው! አቶ ገብረትንሣኤ ደግሞ ምንም አላውቅም ነበር ብለው ቃላቸውን ሰጡ፤ ሙስአብ የነገራቸውን የሰማ ሌላ ምስክር ስላልተገኘ በዋስ ወጡ።

ምልኬሳ የተያዘ ዕለት ግን ሐሚዳ መጀመሪያ ያደረገችው ሙስአብ መለኪያውን ገንዳው ውስጥ እንዲነክር ማዘዝ ነው። ከዚያ ቢሊሴን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ኦቦ ዳጪ ከድንጋዩ አልተነሱም። ከራሳቸው በላይ ስክሪኑ ቀይ ሆኗል።

«ምን ይላል?» አሉ፤ ማንበብ አይችሉም።

«ውሃው መርዝ ነው ይላል» አለች ሐሚዳ።

«ይኼንንማ ላሞቼ ነግረውኝ ነበር። ልጄስ?»

«አልሰከረም ኦቦ። የውሃው እውነት እንዲታወቅ ስላደረገ ነው የተገደለው። የገደለው ምልኬሳ ነው።»

«አሳድጌው…» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ለምልኬሳ ማን ነገረው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሐሚዳ መሬት መሬቱን አየች።

«እኔ ነኝ አባ» አለች ቢሊሴ።

ኦቦ ዳጪ ልጃቸውን አዩዋት። አልጮሁም፤ አልተራገሙም። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና የልጃቸውን ሬሳ ሊቀበሉ ወደ አስፋልቱ አመሩ። ቢሊሴ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻቸው። አንዴም ዞር ብለው አላዩአትም፤ ተመለሺም አላሏት።