በግንባሩ የተደፋው ሰሌዳ

ሊዩበንን ከገደሉ ሥር ሞቶ አገኙት። ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ተፈርክሷል፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት የስኖውቦርድ ሰሌዳው ከጎኑ በግንባሩ ተደፍቷል። በዋዜማው አሠልጣኙ ዛሃሪ «አንገትህን ነው የምሰብረው!» ብሎ ሲጮህበት በተራራው ማረፊያ ጎጆ ያሉት ሁሉ ሰምተው ነበርና፣ ካቴናው የገባው ዛሃሪ እጅ ላይ ሆነ።

ዛሃሪን የከበደው ካቴናው አልነበረም። ሊዩበንንና የቡድን ጓደኛውን ካሜንን ከሮዶፔ ተራሮች መንደሮች ለቅሞ እንደ ልጆቹ ያሳደጋቸው እሱ ነው። የስፖርቱ ፌዴሬሽን ለዓለም ሻምፒዮና የሚልከው አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነበር፤ አጅበው የሚሄዱት ሹማምንት ግን አውቶቡስ ይሞላሉ። ዕድሉ ለሊዩበን ደረሰ፤ አሁን ሬሳ ሆነ።

«ለምን ዛቱበት?» አለች መርማሪዋ ራይና።

«ጉልበቱ አብጧል። ብቻህን ሽቅብ ብትወጣ አንገትህን እሰብረዋለሁ አልኩት።»

«ሰበሩት?»

«ልጄን?»

ራይና ሬሳውን ቶሎ፣ ሰሌዳውንና በላዩ የተከመረውን በረዶ ግን ተንበርክካ ረዘም አድርጋ አየች። መንገዱ ሌሊቱን በበረዶ ስለተዘጋ ከሟቹ ሌላ ጎጆው ውስጥ ያደሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ዛሃሪ፣ ካሜንና የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ቬልኮ። ሦስቱንም ወደ ቁልቁለቱ ጠራቻቸው፤ ትርፍ ሰሌዳም አስመጣች።

«ጋሽ ዛሃሪ፣ እስቲ ያስቀምጡልኝ።»

የድሮው የስኪ ተወዳዳሪ ዛሃሪ በታሰረ እጁ ሰሌዳውን ስኪ እንደሚተከለው በረዶው ውስጥ ቀጥ አድርጎ ተከለው።

«እርስዎስ?»

ቬልኮ የሰሌዳውን ለስላሳ ሆድ ወደ በረዶው አድርጎ አጋደመው። ሰሌዳው ሽው ብሎ ቁልቁል ሄደ።

«ኧረ ያዙት! አይ የቢሮ ሰው!» ካሜን ሮጦ ያዘው፤ ገልብጦ የእግር ማሠሪያዎቹን ወደ በረዶው ጫነ፤ ከላዩም እፍኝ በረዶ ከምሮ በጡጫው ደለደለው።

«ሰሌዳው እግሩ ላይ አልታሰረም፤ ሊዩበን በብብቱ ይዞት ነው የወደቀው» አለች ራይና። «የለቀቁት ሰሌዳ ሸለቆው ድረስ ይንሸራተታል። የሱ ግን አጠገቡ ነበር።»

«ይገለበጣላ! ምን ይገርማል?» አለ ካሜን።

«ይገለበጣል። በላዩ ላይ ግን በጡጫ የተደለደለ በረዶ ነበረበት። ገደል እንዲህ አይጠነቀቅም፤ የሞተ ሰውም አይጠነቀቅም። ሌላ ሰው ወርዶ ይዞታል። ፕሬዚዳንቱ ቢሆኑ ያመልጣቸዋል። ጋሽ ዛሃሪ ቢሆኑ ይተክሉታል። አንተ ግን ገልብጠህ በረዶ ትጭንበታለህ፤ አሁን እንዳደረግከው፣ ሳታስበው።»

ካሜን ጓንቱ ላይ የቀረውን በረዶ አየ።

«ጉልበትህ አይችልም፣ ቦታውን ልቀቅልኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት… እንዲሞት ብዬ አይደለም! ዕድሜዬ ሄዷል፣ ራይና። ከዚህ ሰሌዳ በቀር የማውቀው ነገር የለኝም።»

«ወርደህ ሰሌዳውን አዳንክ፤ ሰውየውን ተውከው።»

ዛሃሪ ካቴናው ሲፈታለት አላስተዋለም። ነፃ የሚያወጣው ቃል ሁለተኛውን ልጁን እየወሰደበት ነበር።

«ስትደርስ ነፍሱ ነበረች?» አለው።

ካሜን አቀረቀረ። «በስሜ ይጠራኝ ነበር፣ ጋሼ።»

ቬልኮ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ጠጋ አለ።

«አዘጋጆቹ እየጠየቁ ነው። እሁድ ማን ይወዳደርልናል?»

«ማንም» አለ ዛሃሪ። «ሁለቱንም ጨርሰናቸዋል።»