የለጋሱ መዶሻ

ሟቹ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ወለሉ ላይ ረግቷል። የመታው ሰው አንዴ መትቶ አላበቃም፤ ግድግዳውን አልፎ ጣሪያው ላይ የተረጨው ነጠብጣብ አራት ጊዜ እንደተሰነዘረ ይናገራል። እግዚአብሔር የሠራውን ፊት ሰው እንዲህ ሲያፈርሰው ማየት ለለመደም ከባድ ነው። መርማሪዋ ለአፍታ ዐይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሥራዋን ጀመረች።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች። ጥያቄዋ አጭር፣ ዝምታዋ ረጅም ስለሆነ ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል።

«ብዙ አትድከሚ» አላት ሳጅኑ፤ ወፍራም፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው። «በሩ አልተሰበረም። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላት እህቱ ብቻ ናት። ትናንት ሲጣሉ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ስንደርስ እጇ ደም በደም ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

«የመታችበትስ?»

ሳጅኑ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ባዶ ምስማር አሳያት። «የአባታቸው መዶሻ እዚህ ይንጠለጠል ነበር። ጥላዋለች።»

እህትየው ወጥ ቤት ውስጥ በካቴና ታስራ ተቀምጣለች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ከአዳር ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ ነው ወንድሟን ያገኘችው። አቅፋ ልታነሣው ሞክራ ነበር።

«ወንድምሽ ምን ይሠራ ነበር?»

«ዕቃ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«የማይጨበጥ። ኮምፒውተር ውስጥ ወንበር፣ ፋኖስ፣ በርሜል፣ ጋሪ ይሠራል። በትርፍ ጊዜያቸው ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ወስደው ሥዕላቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ሦስት መቶ ምናምን ሠርቶ በነጻ ለጥፏል። ሰዉ ለጋሱ ይለዋል። እኔ ጅሉ ነበር የምለው።»

«ትናንትስ ምን ሆናችሁ?»

«ሳህን ወረወርኩበት፤ ለጥቂት ሳተው። ሰው ይበድለዋል፣ እሱ ይስቃል። ‹የተቀየመኝን ሰው ጠዋት ቤት ጠርቼዋለሁ፣ እንታረቃለን› አለኝ። ማን እንደሆነ በንዴት አልጠየቅሁትም።» የታሰሩ እጆቿን ዘረጋች። «ውሰዱኝ። ግን ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። እኔ ከታሰርኩ ማን ይቀብረዋል?»

«ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል» አለ ሳጅኑ ከበሩ።

«እንደ ውሻ?»



ቀጥሎ የጎረቤት አናጢ ተጠራ። ሳጅኑ ትከሻውን ገፋ ቢያደርገው አናጢው ኮሌታውን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የሳጅኑ ቆብ ወደቀ።

«ልቀቀው» አለች ጆሮ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ለቀቀው።

«ሟቹን ‹እጅህን እቆርጠዋለሁ› ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። ሦስት ወር የለፋሁበትን ወንበር ኮምፒውተር ውስጥ ከቶ ለዓለም በተነው። ያውም አበላሽቶ። እኔ አበባ የቀረጽኩት በቀኝ መደገፊያው ላይ ብቻ ነው፤ እሱ በግራም አወጣበት። ምነው ብለው፣ ‹ጊዜ ለመቆጠብ ግማሹን ብቻ እሠራለሁ፤ ሌላውን ግማሽ ኮምፒውተሩ እንደ መስታወት ይገለብጠዋል› አለኝ። ግማሽ ወንበር ሠርቼ ብሰጠው ይቀመጥበት ነበር?»

«ከዚያስ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቶ ታረቅን። ‹የግራዋን አበባ አጠፋልሃለሁ› አለኝ።» አናጢው ወፍራም ጣቶቹን አየ። «እንዲህ እንደሚሆን ባውቅ አበባው ለምኔ ነበር።»

«የአባታቸውን መዶሻ ታውቀዋለህ?»

«ስንቴ ተውሼዋለሁ። ጥሩ ብረት ነው።»

ሦስተኛው ሰው የሥዕል አስተማሪ ነው። የአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የዲዛይን ክፍል ኃላፊ ከሆነ ወር አልሞላውም። ሟቹ በስልኩ መጨረሻ ያነጋገረው እሱን ስለሆነ ጆሮ ደውላ አስጠራችው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ አነጋገሩም እንደ ሸሚዙ ነው።

«የምንተዋወቀው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ እመቤቴ። በአካል አይቼው አላውቅም። ቤቱንም ያየሁት ዛሬ እርስዎ ሲጠሩኝ ነው። ነፍሱን ይማረው።»

«አሜን። ስልክ ደውሎልዎት ነበር።»

«ስለ አንድ ፋይል ጠይቄው ነው።»

«እኛ መዶሻ ጠፍቶብናል። ሟቹ እሱንም ኮምፒውተር ውስጥ ሠርቶ ለጥፎታል አሉ።»

«አዎ፣ አውርጄዋለሁ። ለተማሪዎቼም አሳይቻለሁ።»

«እንግዲያው የሚፈልጉት ፖሊሶች እንዲለዩት ይግለጹልኝ። እኔ ኮምፒውተር አልችልም።»

አስተማሪው ዐይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ቀስ ብሎ ተጨበጠ። «እጀታው ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ብረቱ ከባድ ነው። በግራ ጎኑ ጠርዙ ተሸርፏል፤ ቀኙ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው፤ ከልቧም ነበር።

ከዚያ ወጥ ቤት ተመልሳ የእህትየውን ስልክ ተዋሰች። የሟቹን ገጽ አስከፈተችና መዶሻውን በጣቷ ወዲያና ወዲህ ታዞረው ጀመር። ከመዶሻው ወደ አናጢው ወንበር አለፈች። ሳጅኑ ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያዳመጥኩ።»

«ድምፅ የለውም እኮ።»

«አለው። አንተ ትጮህበታለህ እንጂ።»

ሁለት ቃል በጆሮው ሹክ ብላ ወደ ደጅ ላከችው።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እህትየው በካቴናዋ ሶፋው ላይ፣ አናጢው መስኮቱ ሥር፣ አስተማሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በሩ አልተሰበረም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ሟቹ ራሱ ከፍቶ አስገባው። ለእህቱ እንደነገራት ጠዋት የሚታረቀው ሰው ነበር። አናጢው ይሆን? ከእሱ ጋር ትናንት ታርቋል። ይህን ያልኩት እሱ ስለነገረኝ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩን በዚህ ስልክ አየሁት፣ የግራዋ አበባ የለችም። ፋይሉ የታረመው ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ እንግዳ ሌላ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የሟቹን መልእክቶች ባለሙያዎቻችን ከፍተዋል። አንድ ሰው ‹እነዚህ አርባ ዕቃዎች የእኔ ሥራዎች ናቸው፤ የዚህን ሌባ ገጽ ዝጉልኝ› ብሎ ለድረ ገጹ ባለቤቶች ከሷል። ከሳሹ የዲዛይን ኃላፊ የሆነው እነዚያኑ ዕቃዎች አሳይቶ ነው። ስሙ ክሱ ላይ አለ።»

አስተማሪው ፈገግ አለ። «የሥራ ክርክር ነው፣ እመቤቴ። ክርክር ሰው አይገድልም። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

«መዶሻውን ግን ያውቁታል።»

«ከፋይሉ ነው ያልኩዎት።»

«ብረቱ ከባድ ነው አሉኝ። የማይጨበጥ ዕቃ አይከብድም። ይሁን፤ ሰው በልማድ ይናገራል። ግራው የተሸረፈ፣ ቀኙ ልሙጥ አሉኝ።» ስልኩን ወደ አናጢው ገፋችው። «አንተ፣ ይህ መዶሻ ምን ይላል?»

አናጢው አጎንብሶ አየ፤ አዙሮም አየ። «ይሄ በሁለቱም ጎን ተሸርፏል። ዋናው እንኳ በግራ ብቻ ነበር።»

«ሟቹ እንደ ወንበርህ ግማሹን ሠርቶ ሌላውን በመስታወት ገለበጠው። በፋይሉ ብቻ የሚያውቀው ሰው ሁለት ሽርፍ ያያል። አንድ ሽርፍ የሚያውቅ ሰው ብረቱን አይቷል። እርስዎ ቤቱን ሳይረግጡ የት አዩት?»



«መኪናዎ እየተፈተሸ ነው» አለች ጆሮ።

አስተማሪው ተነሣ። የተቀመጠበትን ወንበር በሁለት እጁ አንሥቶ በራሷ ላይ ሰነዘረው። ጆሮ ጎንበስ አለች፤ የወንበሩ እግር ትከሻዋን ልጦ አለፈ። ሁለተኛውን ከመሰንዘሩ አናጢው ክንዱን ያዘና ጠመዘዘው። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሁሉም ሰማው። አስተማሪው በአፉ ወለሉ ላይ ተደፋ፤ ደምና አንድ ጥርስ ተፋ።

ሳጅኑ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ከፎጣው ጫፍ ግራ ጎኑ የተሸረፈ ብረት ብቅ ብሏል።

«ዕቃዎቹን ውሰዳቸው፣ የሁሉም ናቸው አለኝ» አለ አስተማሪው መሬት ላይ እንዳለ። «ገጹን ብቻ አታስዘጋ፤ ለተማሪዎችህም እውነቱን ንገራቸው አለኝ። በፊታቸው ቆሜ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ‹ና፣ አዲሱን ፋኖስ ላሳይህ› ይላል። ይስቃል። እየሳቀ ነው የመታሁት።»

እህትየው ከሶፋው ዘላ ወረደች። በታሰሩ እጆቿ ፊቱን ሁለት ጊዜ መታችው። ጆሮ በጉልበቷ ተንበርክካ ከኋላ አቀፈቻት፤ ትንፋሿ እስኪረጋ ያዘቻት።

ሳጅኑ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ካቴናውን ፈታ። «አጥፍቻለሁ፣ እህቴ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታው ይቆየን» አለች፣ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «የሬሳ መኪናው በር ላይ ቆሟል። እኔ በራሱ በኩል እይዛለሁ። አንተ በእግሩ ያዝልኝ።»

ሳጅኑ ቆቡን አውልቆ ተከተላት።