ኖር ያለች ከተማ

ዶቢ ከተማ ላይ ፀሐይ የምትገባው ተፈቅዶላት ነው። ጠዋት ጠዋት ልብስ ለማድረቅና ለአትክልቱ የሚበቃ ያህል ትገባለች። ከዚያ ከከተማዋ በላይ ያሉት ክንፎች ይተኛሉ፤ ጥላ ይሆናል። ክንፍ የሚሉት ከቀጭን ብረትና ከሸራ የተሠራ፣ የአንድ ክፍል ወለል የሚያህል ሉህ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩት ክንፎች ሲተኙ ጎን ለጎን ገጥመው ሰማዩን ይዘጋሉ፤ ሲቆሙ በመካከላቸው ፀሐይ እንደ ልቧ ትወርዳለች። ከጥላው ውጭ፣ በጨው ሜዳው ላይ፣ በቀትር ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ከጥላው በታች ግን ቤቶቹ ጣሪያ እንኳ የላቸውም። ጣሪያ ለምኔ? አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ «ሰማይ ከምን ይሠራል?» ተብሎ ተጠይቆ «ከሸራ» ብሎ ቢመልስ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

በዚያ ጠዋት ሰማዩ ደጋግሞ ይጠቅስ ነበር። ክንፎቹ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብለው ይቆሙና ወዲያው ይተኛሉ፤ መንገዱ ላይ ብርሃን ቦግ ብሎ ይጠፋል። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ሰማዩ ጠቀሰ ማለት አዲስ መሣሪያ ወደ ኔትወርኩ ገባ ማለት ነው።

የሚያስገባቸው ማን እንደሆነም የታወቀ ነው፤ ትርሲት አበጋዝ፣ የጥላው መቆጣጠሪያ ክፍል መሐንዲስ። ትናንት የነፈሰው አውሎ ነፋስ የሙቀት መለኪያዎቹን አርግፏቸው ስለነበር አዳዲሶቹን ለቅቃ እየመዘገበች ነበር። ትንኝ ይሏቸዋል፤ ጥፍር የሚያህሉ፣ ጀርባቸው ላይ ባለችው የፀሐይ መስታወት የሚሠሩ በራሪ መሣሪያዎች ናቸው።

አመዘጋገቡን የነደፉት አለቃዋ ጋሽ ይልቃል ናቸው። ከተማዋ ስትቆረቆር የነበሩ ሰው። ክንፎቹንና ትንኞቹን ሁሉ የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር «አጋፋሪ» አሉት፤ በድሮ ቤተ መንግሥት እንግዳ ተቀብሎ በየማዕረጉ በሚያስቀምጠው ሹም ስም። አዲስ መሣሪያ «መጣሁ» ሲል ሌሎቹ ሥራቸውን አቁመው ይነሳሉ፤ የክንፍ መስሚያው ጠርዙ ላይ ስለሆነ እንግዳውን በደንብ የሚሰማው ቆሞ ነው። አጋፋሪው በሁሉም ስም «ኖር» ይላል። እንግዳው «በእግዜር» ብሎ ሲመልስ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ልክ ሽማግሌ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው። ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ሥርዓቱን አይተው አጨብጭበውለት ሄደዋል።

ትርሲት አላጨበጨበችም። ሥራ በጀመረች ሰሞን ጠይቃቸው ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዳው ባይመልስስ?»

«ለምን አይመልስም?»

«ቢበላሽ። ወይም ሆን ብሎ።»

«ኖር ተብሎ የማይመልስ ባለጌ ነው። ባለጌ ደግሞ እዚህ ቤት አይገባም።»

«ሶፍትዌር ባለጌ አይለይም። የመጠበቂያ ገደብ እናብጅለት፤ ካልመለሰ ይቀመጡ።»

«አንቺ ልጅ፣ ለክብር ገደብ አይበጅለትም» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። እንግዳ ሳይቀመጥ ስሙ አይጠየቅም። ስለዚህ አጋፋሪው የመሣሪያውን ስም የሚመዘግበው «በእግዜር» ካለ በኋላ ነው። ትርሲት ይህንንም ተቃውማ ነበር። «በር ላይ የቆመውን ሳናውቅ ነው እንዴ የምንነሳው?» ብላ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቀሰ። ክንፎቹ ቆሙ። አልተኙም።

ትርሲት ማሳያውን አየች። አንዲት መስመር ነበረች። «እንግዳ በር ላይ ነው። እባክዎ ይጠብቁ።»

ክንፎቹን እንዲያስተኛ አዘዘች። «እንግዳ በር ላይ ነው። እባክዎ ይጠብቁ።» እንዲዘጋ አዘዘች። ያው። እንግዳ በር ላይ አቁሞ የሚተኛ ባለቤት የለም፤ አጋፋሪውም አይዘጋም።

ሬዲዮው ጮኸ። ሐሰና ያዮ ነበር፤ ከክንፎቹ በላይ ባለው የብረት መተላለፊያ ላይ ሲጠግን የሚውለው ቴክኒሻን።

«ትርሲት፣ ሰማይሽ ቆሟል።»

«አይቻለሁ።»

«ማን መጥቶ ነው? ሚኒስትር?»

«የትንኝ ያህል ባለጌ። አንዷ ገብታ በእግዜር አላለችም።»

«እኛ አፋሮች ሰው ስናገኝ ቁጭ ብለን ነው ወሬ የምንለዋወጠው። ዳጉ አይተሽ ታውቂያለሽ? ተቀምጦ ነው። እናንተ ናችሁ ቆማችሁ የምትቀሩት።»

«ሐሰና፣ ቀልዱን ለማታ አቆየው። ክንፎቹን በእጅ ማስተኛት ይቻላል?»

«አንዱን? አዎ፣ ለሁለት ሰው። ሁሉንም? ልጅ ወልደሽ ለልጅሽ አውርሺው።»

መብራት ሲጠፋ የክንፉ ብረት ቆሞ እንዲቆለፍ የተሠራ ስለሆነ ኃይል መቁረጥም አያዋጣም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወጣቶች አንዱ ሌላውን ማየት ጀመሩ። አንደኛው፣ ቢንያም የሚባለው፣ «ጥቃት ነው?» አለ።

«ጥቃትም ይሁን ብልሽት ስሙ አንድ ነው» አለች ትርሲት። «አገልግሎት መንሳት ይባላል። ቤቱን ሳይሰብሩ፣ ሳይሰርቁ፣ በሩ ላይ በመቆም ብቻ ባለቤቱን ሥራ ማስፈታት። ይሄ ቤት ደግሞ ለዚያ የተመቸ ነው ብዬ ነበር። አሁን ስለ እሱ አናወራም። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትሆናለች። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ፣ አልጋ የያዙ ሰዎች አሉ። ከዚያ በፊት ጥላው መመለስ አለበት።»

በመስኮቱ ሲታይ ሰዎች ምንጣፍና አንሶላ በግድግዳ ላይ እየወጠሩ ነበር። አንድ ሰውዬ እናቱን ጠረጴዛ ሥር አስገብቶ በላይዋ ብርድ ልብስ ይዘረጋል። አንሶላው ለጊዜው ይበጃል። ለቀትር ግን አይበጅም።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ይልቃል እያለከለኩ ገቡ።

«ኖር!» ክፍሉ ሁሉ ብድግ አለ። ከትርሲት በቀር።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ፤ ሁሉም ተቀመጠ።

«አዩ ጋሼ?» አለች ትርሲት ከማሳያው ሳትነቀል። «የአጋፋሪው እንግዳ ይህቺን አላለችም።»

ጋሽ ይልቃል ማሳያውን አነበቡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጥድፊያ ጠፋና ሌላ ነገር ተተካ። «እንጠብቅ» አሉ ቀስ ብለው። «ትመልሳለች።»

«አትመልስም።»

«እሷን ወክሎ ሌላ ቢመልስስ?»

«እያንዳንዷ የራሷ ቁልፍ አላት። በሌላ አፍ አይመለስም፤ እርስዎ ነዎት እንዲህ ያደረጉት።»

አዛውንቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትርሲት ጊዜ አልሰጠቻቸውም።

«ጋሼ፣ መሣሪያ ሲቃጠል ምን እናደርጋለን?»

«መርዶ እናሰማለን።»

መርዶም የእሳቸው ሥራ ነው። አንድ መሣሪያ ሲሞት ስሙ ለሁሉም ይነገራል፤ ሌሎቹም ከእሱ ምላሽ መጠበቅ ያቆማሉ። ለቅሶ ቤት ኖር ስለማይባል፣ በመርዶው ሰዓት አይነሱም፤ የተነሳም ይቀመጣል። መርዶ ግን አንድ ሰው ብቻውን አያረዳም። ሦስት ሰዎች መዳፋቸውን ማሳረፍ አለባቸው፤ አንዱ የግድ ጋሽ ይልቃል።

«የትንኟን መርዶ ልታሰሚ ነው?» አሉ። «ስሟን አታውቂም። ስም የሌለው መርዶ የለም።»

«የእሷን አይደለም። ስሙን የማውቀው አንድ ቆሞ የቀረ አለ።» ጣቷን በማሳያው ላይ አሳረፈች። «አጋፋሪው።»



«በቁሙ?» አሉ ጋሽ ይልቃል። «በሕይወት ያለ መርዶው ይነገራል እንዴ? ነውር ነው። ደግሞም... የሞተ ስም አይመለስም። ሁሉም ረስቶት ይቀጥላል። ይሄ ነፋስ ከየት ሲመጣ የትኛው ክንፍ እንደሚደክም፣ የትኛው እንደሚያነክስ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ እንኳን አላውቅም። ከተማዋ ስትሠራ ጀምሮ የተማረውን ነው የምትቀብሪው።»

«አዎ።»

«ሌላ መንገድ ፈልጊ።»

«ፈልጌያለሁ። የሌላ መሣሪያ መርዶ ብናሰማ ለአፍታ ተቀምጠው፣ አጋፋሪው እንግዳ እየጠበቀ ስለሆነ መልሶ ያስነሳቸዋል። አጋፋሪውን ነቅዬ ባወጣው ክንፎቹ እንዲቀመጡ እስኪያዛቸው ይጠብቁታል። መሞቱን ካልሰሙ አይቀመጡም።»

«ትንሽ ብንታገሥ...»

«ጋሼ።» ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አጋፋሪው ቢሞት እኛ ለቅሶ እንቀመጣለን። እዚያ ታች ያለ ሰው ቢሞት ግን እርስዎ ነዎት ሄደው የሚያረዱት። ለየቤቱ። ምን ብለው ይነግሯቸዋል? እንግዳ እየጠበቅን ነበር?»

ጋሽ ይልቃል ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰውዬው አሁን ብርድ ልብሱን በውኃ እያራሰ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የእናቱ እግር ብቻ ይታያል።

ተነሱ። መዳፋቸውን በማንበቢያው መስታወት ላይ አሳረፉ፤ እስኪበቃው ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ትርሲት አስከተለች።

«ሐሰና! የእጅ ማሳያህን አውጣና መዳፍህን አሳርፍበት።»

«ማን ሞተ?»

«አጋፋሪው።»

«ወላሂ፣ አሁን ቆሞ እያየሁት?»

«አሳርፍ አልኩህ!»

«እሺ፣ እሺ። ነፍስ ይማር።»

መስመሯ ጠፋች። በቦታዋ «አጋፋሪ ዐርፏል» የሚል ወጣ፤ እሱም ወዲያው ጠፋ። ማሳያው ጨለመ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ትርሲት ጥርሷን ነክሳ ወደ ላይ አየች። ከዚያ በምሥራቅ በኩል አንድ ክንፍ ተኛ። ከእሱ ራቅ ብሎ ሌላ። የሚመራቸው ስለሌለ እንደ ወትሮው በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተጋጭቶ እንደገና ይሞክራል። ጥላው በየቦታው እንደ እራፊ መጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ዶቢ ላይ የቀረው ቀዳዳ የወንፊት ያህል ነበር። ሰውዬው እናቱን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣ፤ እሷም ቆጣ ብላ ቀሚሷን አራገፈች።

በክፍሉ ውስጥ ያጨበጨበ አልነበረም። ጋሽ ይልቃል የጨለመውን ማሳያ እያዩ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ሐሰና በሬዲዮ ጠራት።

«ባለጌሽን አገኘኋት።»

«የት?»

«ከአንድ ክንፍ መታጠፊያ ውስጥ። የጠዋቱ ነፋስ ነው የወሸቃት። ባትሪዋ ሞቷል፤ የሚያናግራት ፀሐይ ብቻ ናት። ስሚኝ፣ እንዴት እንዳገኘኋት ታውቂያለሽ? ክንፉ ሲተኛ መታጠፊያው ተከፈተ፣ ፀሐይ አገኘቻት። በእጄ ማሳያ ላይ ምን መጣ መሰለሽ?»

«ምን?»

«በእግዜር።»

ትርሲት ሬዲዮውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ኖር የሚላት በሌለበት ቤት» አለ ሐሰና። «ባለጌ አልነበረችም። ስትገባ ተነሱላት፤ ሲነሱ ክንፉ ታጥፎ ከደናት። ጨለማ ውስጥ አፍ የላትም። እንድትመልስ ቆመው ሲጠብቁ፣ አፏን የዘጋው መቆማቸው ነው።»

ትርሲት ሬዲዮውን አስቀመጠች። ጥፋቱ የመጠበቂያ ገደብ አለመኖሩ ነው ስትል ከርማ ነበር። ገደቡ ቢኖር ኖሮ ክንፎቹ ይቀመጡ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ትንኟን «ያልመለሰች» ብሎ መዝግቦ፣ ከበር መልሶ፣ ለዘለዓለም ይዘጋባት ነበር። የእሷም ሐሳብ ቢሆን ከጋሽ ይልቃል ሐሳብ የሚለየው በትዕግስት ልክ ብቻ ነበር። ሁለቱም እንግዳዋ ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቁም። ይህን ማሰብ አላስደሰታትም። ተነስታ አዲሱን አስተዳዳሪ ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ክንፎቹን በየተራ በእጅ ለማዘዝ ሰው ሁሉ ተጠርቷል፤ በጠባቧ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ወንበር ተደርድሯል። ትርሲት የመጠበቂያ ገደቡ የሚጻፍበት መስመር ላይ ደርሳ ነበር። ቁጥሩን ጽፋለች። ከቁጥሩ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው ያቆማት።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ይልቃል።

«ኖር!»

ሁሉም ብድግ አለ። ዛሬ ከሌላው ቀን ይልቅ ፈጥነው፣ ከሌላው ቀን ይልቅ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፤ አክብሮታቸውን ሊያሳዩ፣ ሊያጽናኑም ፈልገው። ጋሽ ይልቃል አልመለሱም። በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ዓይናቸው አብጧል፤ አንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዟል። ሰዉም ቆሞ ጠበቀ። ከቆይታው ብዛት ቢንያም አንገቱን ደፋ።

ትርሲት ከማሳያው ቀና አለች። ፊታቸውን አየች። ከዚያ ዓይናቸውን ተከትላ አየች፤ ክፍሉ መጨረሻ ያለውን የራሳቸውን ወንበር ነበር የሚያዩት። በእሳቸውና በወንበሩ መካከል፣ መተላለፊያው ላይ፣ ለክብራቸው የተነሳ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሟል።

«ተቀመጡ!» አለች።

«እሳቸው ገና...» አለ ቢንያም።

«መንገድ ዘጋችሁባቸው እኮ! ተቀመጡ!»

ተቀመጡ። መተላለፊያው ተከፈተ። ትርሲት ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፤ ክርናቸውን ያዘች። ምንም ሳትል እስከ ወንበራቸው ወሰደቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ውኃ ቀዳችላቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆየች።

«በእግዜር» አሉ ጋሽ ይልቃል በመጨረሻ።

ከትርሲት በቀር የቆመ ሰው አልነበረም።