ማጣሪያው የጣለው

ክረምት ከገባ ወዲህ ሰናይት ከሰዓት በኋላውን የምታሳልፈው ከአባቷ አልጋ አጠገብ፣ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው። አቶ ዘለቀ አንደበታቸው ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ የቀረቻቸው አንዲት የምትንቀጠቀጥ ጣት ናት። በዚያች ጣት አንድ አሮጌ ኪቦርድ እየነካኩ ይጽፋሉ። የጻፉት በሰናይት ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ሱቅ ለሚውሉት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሺመቤትም በስልካቸው ይደርሳል።

ችግሩ ኪቦርዱ ነበር። የላሉት ቁልፎቹ አንዴ ሲነኩ አምስቴ ይደግማሉ፤ የጣታቸው መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ስክሪኑ የፊደል ገንፎ ይሆናል። አዲስ ብትገዛም ቁልፎቹ ጠነከሩባቸው። ስለዚህ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ በሚያገናኘው ፕሮግራም፣ በድራይቨሩ ውስጥ፣ ማጣሪያ ጻፈች፤ እየተንቀጠቀጠ የሚመጣውን ሁሉ ብልሽት ነው ብሎ ይጥላል፣ ረጋ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። የተጣለውም አንድ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል። ስንፍና ይዟት የራሷንም ኪቦርድ በዚያው ማጣሪያ ውስጥ አስገባችው።

በማግስቱ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ ጽሑፍ ወጣ፦ «ደህና ነኝ፣ ሰናይት።»

በደስታ አለቀሰች። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከ«ድንቡሼ» በቀር በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ጆሮዋ አላርፍ አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ክፍሉ የእርጥብ ብርድ ልብስና የመድኃኒት ሽታ ሲሸት፣ የአባቷ ጣት ቁልፎቹን ያለ ፋታ ስታንኳኳ ይሰማታል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ቃላቱ አንድ በአንድ፣ የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለው ሰው ዝግ ብለው ይወጣሉ። የአባቷ ዓይኖች እንባ አቅርረው እሷ ላይ ተተክለዋል።

«አባዬ፣ የሚያምህ ነገር አለ?»

ጣታቸው ተርገፈገፈች። ስክሪኑ፦ «የለም።»

ሐሙስ ዕለት አላስችል አላትና የተጣለውን ፋይል ከፈተችው። በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ነው። የተደጋገሙትን ፊደላት እየዘለለች አነበበች፤ ሁሉም ገጽ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ድንቡሼ፣ የምጽፈው እኔ አይደለሁም። አጠገቤ ያለውን አስነሺልኝ።»

ቀና አለች። ከአባቷ ጎን፣ ግድግዳው በኩል፣ ፍራሹ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ዘላ የአባቷን ሁለት እጆች ያዘች፤ ቀዝቅዘዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ኪቦርዱ ላይ ግን አንድ ቁልፍ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ።

ማጣሪያውን ለማጥፋት ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ጻፈች፤ ምንም አልወጣም። ደግማ ጻፈች፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ልክ እንደ አባቷ ይንቀጠቀጡ ነበር። ጮኻ ጎረቤት ልትጠራ አፏን ብትከፍትም ድምፅ አልወጣትም።

ከሱቅ የእናቷ መልእክት ስክሪኑ ላይ ገባ፦ «ሁለታችሁም እንዴት ዋላችሁ?»

ከሥሩ፣ ሳይቸኩል፣ ፊደል በፊደል መልስ ተጻፈ፦ «ሦስታችንም ደህና ነን።»