በእርሳስ የተጻፈው ዘጠኝ

ካላመናችሁ ቅር አይለኝም። የብዙዎቻችሁ ጭንቅላት ለማመንም ለመጠራጠርም አይበቃም። ግን እውነት ነው፤ የደረሰውም በእኔ በፍቅረየሱስ ላይ ነው።

ነሐሴ 2009 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሳነቴ አምባ ላይ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል።

ዘጠኝ ተሳፋሪዎች ነበርን። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ሌሎቹ ስምንቱ... ይቅር።

ገዳይ የሚባለውን ሱዶኩ፣ የቁጥር እንቆቅልሽ፣ እየሠራሁ ነበር። በእስክሪብቶ። እርሳስ የሚይዘው የሚሳሳት ሰው ነው።

አጠገቤ የማር ነጋዴው ኦቦ ቀመር ተቀምጠዋል።

"ባርሲሳ፣ ምንድን ነው እሱ?" አሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው።

"አይገባዎትም።"

"እስቲ አስተምረኝ።"

በረጅሙ ተነፈስኩ።

"በየመስመሩና በየዓምዱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይገባል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ። በነጠብጣብ የታጠሩት ቤቶች ድምራቸው ተሰጥቷል። እነዚህ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ድምራቸው አሥራ ሰባት ነው። ስለዚህ ስምንትና ዘጠኝ፤ ሌላ የለም። የትኛው የት ይግባ? ከዚህኛው ቤት ሥር፣ በዚሁ ዓምድ፣ ድምራቸው አሥራ ስድስት የሆነ ሁለት ቤት አለ። ዘጠኝና ሰባት ማለት ነው። ዓምዱ ዘጠኙን እዚያ ጨርሷል። ስለዚህ እዚህ ስምንት፣ እዚያ ዘጠኝ።"

ጻፍኩት።

"ሁለት ዘጠኝ ቢመጣስ?" አሉ።

ሳቅሁባቸው። "ቦታ የያዘው ይቀመጣል። ሌላው ይጠፋል።"

ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ...

በዚያው መስመር፣ ባዶ በነበረው ቤት ውስጥ፣ ሌላ ዘጠኝ አለ።

በእርሳስ።

ጅራቱ እንደኔ ዘጠኝ የተቆለመመ ነው።

"እርስዎ ነዎት?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ዋላሂ፣ እኔ መጻፍ አልችልም።"

ሾፌሩ ማሜ ለሽንት አቆመ። ሳነቴ ላይ ከመነሳቱ በፊት ሁሌም ሰው ይቆጥራል፣ ጉሙ ሰው ያስቀራል ብሎ። እስከ ዘጠኝ ለመቁጠር ጣቱን የሚያነሳ ሰው ነው።

ወረድኩ። ከአሥር እርምጃ አልራቅሁም።

የማሜ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ።

"...ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሞልቷል!"

ዘጠነኛው እኔ ነኝ እኮ!

ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። መስኮቱን ደበደብኩት... ድምፅ የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ኦቦ ቀመር ብቻ ዞሩ። በመስኮቱ ክፍተት አንሾካሾኩ።

"ባርሲሳ... ቦታው ተይዟል።"

ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ቀና አለ። ፊቱ የኔ ነው። እኔ ኦቦ ቀመርን ባየሁበት ዓይን አየኝ፣ ምንም እንደማይገባው ሰው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶ የጻፍኩትን ዘጠኝ በላጲስ ይፈገፍግ ጀመር።

ቀለሙ እየለቀቀ ነበር።